ሸራው ይመለሳል ወይ

ጥር 12፣ ሚካኤል
ዛሬም መኪና የለም። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር መንገዱ ዝግ። ኔትወርክም እንደዚያው። ለገና ቤተሰብ ልይ ብዬ መጥቼ ተቀርቅሬ ቀረሁ። ባሕር ዳር የማስተርስ ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ ካለፈኝ አለቀልኝ። ደብተሬ፣ ላንቺ ካልሆነ ለማን ልናገር? የማጠናው በብርሃን የሚገፋ የጠፈር ሸራ ነው ስላት እናቴ አማተበች።

ጥር 18
ሽማግሌዎች መጡ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ለትዳር ፈልጎኛል። አባየ አላባረሯቸውም፤ ለመድኃኔ ዓለም ቀጠሯቸው። እኔን ማን ጠየቀኝ?
ተናድጄ ስሌት ያዝኩ። ሸራው ከፀጉር የቀጠነ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። ብርሃን ነጥሮ ሲመለስ ይገፋዋል። ጥቁር ቢሆን ብርሃኑን ውጦ ያስቀርና ግፊቱ በግማሽ ይቀንሳል። ኢምንት ግፊት፣ ግን አያቋርጥም። እኔን ግን የሚገፋኝ ሁሉ ወደ ወፍጮ ቤት ነው! እርር ብያለሁ።

ጥር 22
አውድማ ዋልኩ። ነፋስ ጠፋ፤ አባየ መንሹን ተደግፈው ቆሙ። ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ዛሬ ገና! ነገርኳቸው። እንደ ገለባው በነፋስ የሚሄድ መሰላቸው። እዚያ ነፋስ የለም፣ የሚገፋው ራሱ ብርሃኑ ነው ብል ሳቁብኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ፀሐይ ከገፋችው ሄዶ ቀረ ማለት ነው?
የለም አልኩ። ሸራው ፀሐይን ይዞራል። ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብሉት ብርሃኑ ያፈጥነዋል፣ ይርቃል። ወደ ሌላው ሲሆን ያዘገየዋል፤ የፀሐይ ስበት ይጎትተውና ይመጣል።
«ይመለሳላ?»
«አዎ አባየ፣ ይመለሳል።»
ነፋስ መጣ፣ ማናፈሱን ቀጠሉ።

ጥር 26
እልል! አባየ ከነገ ወዲያ በእግር ደብረ ታቦር ድረስ ሊሸኙኝ ነው። በቅሎ ተውሰዋል። ምን ነካቸው? እንጃ። ዕቃዬን ሸከፍኩ።

ጥር 27፣ መድኃኔ ዓለም፣ ከሰዓት
ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄዱ። ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አባየ ትምህርቷን ጨርሳ ትመጣለች፣ ያኔ የሠርጉን ድግስ እንደግሳለን አሉ። «እንደምትመለስ በአፏ ነግራኛለች፣ አውድማው ላይ» አሏቸው። ቃል ሰጡ። ተመራርቀው ተለያዩ።
ወይኔ ጉዴ! እኔ ስለ ሸራው ነው የነገርኳቸው። እሳቸው ስለ እኔ ነው የጠየቁኝ። እንዴት አልገባኝም?
ዝም ካልኩ እሄዳለሁ፣ በቃላቸው ታስሬ። ከተናገርኩ በቅሎዋ ነገውኑ ለባለቤቷ ትመለሳለች፤ ምዝገባውም ይቀራል። ውጭ አባየ ለነገ ኮርቻውን እያሰናዱ ነው፣ ደስ ብሏቸው። አባቴን አታልዬ አልሄድም። እነግራቸዋለሁ። አሁኑኑ፣ ፍርሃት ሳይዘኝ። እየጠሩኝ ነው፤ ልነግራቸው ወጣሁ።