ባዶ ሆኖ የታየ መንገድ

ሞያሌ፣ ማንያታ (በኬንያ በኩል)
ሐምሌ 1998 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ልጅሽ ቢፍቱስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔም ያታኒም ልጆቻችንም ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። የእኔን "ደህና" ግን ለልማድ ያህል ውሰጂው። ኬላውን ተሻግሬ ሁለት ጊዜ ብመጣ በር ስለዘጋሽብኝ ይኸው ወረቀት ላክሁ። ወረቀቱን እንኳ አትቆጪው፣ ምንም አላጠፋም።

በልጅሽ በጅሎ ለቅሶ፣ ዳሱን ዞሬ ሁሉንም ስጨብጥ አንቺን የሟች እናት ዘልዬሽ እንዳለፍኩ አገር አውርቶታል። አንቺም "እህቴም አብራ ሞተች" ብለሻል አሉ። እትዬ፣ አላየሁሽም። ከጎረቤቴ ከዳዶ ቀጥሎ ያየሁት ምንጣፍ ነው፤ ከምንጣፉ ቀጥሎ ጃለቱ ነበረች። በመካከላቸው ሰው አልነበረም። ጓዳ የገባሽ መስሎኝ ስፈልግሽ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሰብኝ። ያታኒ ከግድግዳ ይወጣል። ግድግዳ ነው፣ ግድግዳ ነው፣ ድንገት ባሌ ነው። ዳዶ "ጂኒ ነው" ብላ ወር ሙሉ ቤቴን ስታጥን ከረመች፤ ያተረፍኩት ሳል ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሶሎሎ ሆስፒታል ሄድኩ። የዓይን ነርሷ አግነስ አፍንጫዋን ትኩር ብዬ እንዳይ አዘዘችኝና ጣቷን ከጎን አመጣች፤ ሳየው እንድነግራት። ያየሁት አፍንጫዋን ሊነካ ሲል ነው። "ፖሌ ሳና" ብላ አዘነችልኝ።

ግላኮማ ይባላል። የዓይን ውስጥ ግፊት ሲበዛ፣ የምናየውን ወደ አንጎል የሚያደርሱት የነርቭ ሴሎች ክራቸው ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ይታነቅና አንድ በአንድ ይሞታሉ። ከዳር ይጀምራል። አያምም። የሞተው አይመለስም፤ የሰጡኝ ጠብታ የቀሩትን ለማትረፍ ነው። ያስፈራኝ ሌላ ነው፦ ጥቁር ነገር አይታይም። እኔ የተቀደደ ቀሚስ ከዚያው ጨርቅ ቆርጬ እንደምጥፈው፣ አንጎልም የጎደለውን ከአጠገቡ ባለው ይጥፈዋል። ስለዚህ ሰው "አላይም" አይልም፤ "ማንም የለም" ነው የሚለው።

አግነስ በሽታው በእህትማማች እንደሚሄድም ነገረችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለፖሊስ የሰጠሽው ቃል ይመላለስብኛል። የጅሎን እጅ ይዘሽ፣ ግራ ቀኙን አይተሽ፣ መንገዱ ባዶ እንደነበረና ጅሎን የገጨው የጎሊቻ ሞተር ከመሬት እንደፈለቀ ነበር ያልሽው። ጎሊቻ ደግሞ ያየሽው መስሎት እንደነበር ቢምል ማን አመነው? አገር ጥሎ ሄደ። አንቺ ውሸት አታውቂም፤ ባዶ ነበር ካልሽ ባዶ ነው ያየሽው። ከዚህ በላይ እጄ አይጽፍም።

ሶሎሎ አብረን እንሂድ። ተቀይመሽኝም ቢሆን መኪና ላይ አጠገቤ መቀመጥ አያቅትሽም።

ፈጣሪ ልብሽን ይጠግንልሽ፤ ያስቀረልሽን ያሳድግልሽ። እባክሽ እትዬ፣ በእናታችን አፈር ይዤሻለሁ፣ ሐኪሙ ዓይንሽን እስኪያይ ድረስ ቢፍቱን እጇን ይዘሽ መንገድ አታሻግሪያት።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ