ግራው ቀኝ ስለሆነው የግንቡ መናፈሻ

ለጥንታዊው ግንብ መናፈሻ አስተዳደር የተከበሩ ኃላፊ፣

በቅድሚያ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቅርቡ የተገዛልዎት ወንበርም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኔ በመናፈሻው ሠላሳ አንድ ዓመት በአትክልተኝነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስሆን፣ ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። መናደዱንማ ሞክሬው ነበር፤ እሱም ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።

1. መናፈሻውን «ወደ ቀድሞ ገጽታው» ለመመለስ በአንድ የሃምሳ ዓመት ፎቶግራፍ እየተመራችሁ መድከማችሁን በአድናቆት ተከታትያለሁ። ፎቶግራፉ በትልቁ ሲታተም ግራና ቀኙ መገለባበጡን ግን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ስለዚህም ከበሩ በስተቀኝ የነበረው ትልቁ ዝግባ «ፎቶው ላይ የለም» ተብሎ ተቆረጠ፤ በስተግራ ደግሞ ክንድ የማታህል ችግኝ ድንጋያማ መሬት ላይ ተተከለች። የግንቡን ማማ ወደ ሌላው ጎን ሳታዞሩት በመቅረታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

2. ይህንኑ ለማስረዳት አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ሁልጊዜ በፈገግታ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አባባ» ትለኛለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። የድሮ ባልደረባዬ ዘበኛው ግንዱ ሲጫን ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ነበር። ለእሱ ያለኝ ምስጋና የእውነት ነው።

3. ባለቤቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ወዲህ መራመድ የምትችለው ከበሩ እስከ ዝግባው ሥር እስካለው አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር፤ አርባ ሁለት እርምጃ። አግዳሚውን ግን ችግኟ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ወስዳችሁታል፤ መቶ አሥራ ስድስት እርምጃ። አንድ ቀን ሞክረን ስልሳው ላይ ስንደርስ «ይበቃኛል፣ እንመለስ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን አምጣልኝ ብላኝ አታውቅም። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አያለሁ፤ ማልቀስ ይገባኝ ነበር፣ አልመጣልኝም።

ዝግባውን መልሱ አልልም። አግዳሚውን ብቻ፣ ጉቶው አጠገብ ብታስቀምጡልን።

ውድ ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስብሰባዎ እንዲሰምርልዎ ዘወትር የምመኝ፣
ታዛዥዎ የቀድሞው አትክልተኛ

ማስታወሻ፦ ፎቶግራፉን ለቢሮዎ ያዋስኩት እኔው ነኝ። ባለቤቴ በልጅነቷ ከጀርባው «ዝግባችን፣ ከበሩ በስተቀኝ» ብላ ጽፋበታለች፤ ከመካከላችሁ ጀርባውን ያየ አልነበረም። ስትጨርሱበት መልሱልኝ። ዛፉን ፎቶው ላይ እንኳ ማየት አምሯት በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ ለእናንተ ያዋስኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።