የጉልበቴ ሰበብ

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ዛሬም የቅዳሴ ተራዬን ለቄስ ሞላ ሰጠሁ። ጉልበቴን አመመኝ አልኩት። ጉልበቴ ግን ምንም አልሆነም። መቅደስ የገባ ቀዳሽ ቅዳሴው ሳያልቅ አይወጣም፤ እኔ ደግሞ ሽንቴን አንድ ሰዓት እንኳ መያዝ ካቃተኝ ዓመት አለፈኝ። ሞላ የቆሎ ተማሪ ቤት ጓደኛዬ ነው። "የኔም ወገብ እኮ ደኅና አይደለም" እያለ ገባልኝ። አፈርኩ።

ባለቤቴ ጥሩዬ ግን አትታለልም። "አንቱ፣ ጉልበት ነው ሌሊት አራት ጊዜ የሚያስነሳ? ወንድምዎም እንዲህ ሲደብቁ ነው የሄዱት" አለችኝ። እውነቷን ነው። ታላቅ ወንድሜ ሐኪም ዘንድ የደረሰው የፕሮስቴት ካንሰሩ ወገቡ አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር። የምፈራውም ይህንኑ ነው። ለኅዳር ማርያም ንግሥ ደግሞ ቀዳሹ እኔ ነኝ። ለዚያ ቀን የሚሆን ሰበብ የለኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

እስከ ቡሬ በበቅሎ፣ ከቡሬ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም። የሐኪሙ ዕድሜ የልጄ ነው። በመቀመጫዎ በኩል በጣቴ መመርመር አለብኝ ሲለኝ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ። ገና ስሸፍን አለቀ። ደምም ሰጠሁ። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ የፕሮስቴት መለኪያው ከፍ ብሏል።

"በመርፌ ወግታችሁ ለምርመራ ሥጋ ልትወስዱ ነው?" አልኩት።

"ድሮ ወዲያው እንወጋ ነበር፣ አባታችን። አሁን መጀመሪያ ኤምአርአይ ይነሣሉ። የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ነው መርፌው" አለኝ። ለሽንቱ ክኒን ሰጠኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ባሕር ዳር። ብረት አይገባም ተባልኩ። ሰዓት፣ ቀበቶ፣ የእጅ መስቀል፣ የአንገት መስቀል። ከቀሰስኩ ጀምሮ ካንገቴ አውልቄው አላውቅም። ማተቤን ግን ክር ስለሆነ ተዉልኝ። መስቀሉን ጥሩዬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያዘችልኝ። መሣሪያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። እንዳልነቃነቅ ብለውኛል። የዓርቡን ውዳሴ ማርያም በልቤ ደግሜ ጨረስኩ፤ አላወጡኝም። እንደገና ጀመርኩ።

አንዲት ትንሽ ነጥብ ታየች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ነጥቧ ላይ አነጣጥረው ወጉኝ። አደንዝዘውኝ ስለነበር ብዙም አላመመኝ። ሽንቴ ደም አለው፤ ጥቂት ቀን ይቆያል ብለዋል። ደም የሚፈስሰው ካህን መቅደስ አይገባም። ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሰበቤ እውነተኛ ነው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ካንሰር ነው።

ሐኪሙ ይህን ሲል ጥሩዬ እጄን ያዘች። በሰው ፊት ይዛኝ አታውቅም። "ግን ትንሽ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት" አለ። "አሁን አንቆርጥም፣ ጨረርም አንሰጥም። በየስድስት ወሩ ደምዎን እናያለን። ከተነሣ ያኔ እናክመዋለን፤ እንደርስበታለን።"

ጥሩዬ ተቆጣች። "እያዩ መቀመጥም ሕክምና ሆነ?"

እኔ ግን ገባኝ። "የገበሬ ልጅ አይደለሽ? እንክርዳዱን በችኮላ ስትነቅይ ስንዴው አብሮ ይነቀል የለ?" አልኳት። ሐኪሙ ሳቀ። ይቺን ለሌላም ሰው እናገራታለሁ አለ።

ደስ አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ወንድሜ ትዝ አለኝና አለቀስኩ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢናገር ኖሮ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ቀደስኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ወንጌል ሲነበብ አንድ ጊዜ ሰጋሁ፣ ከዚያ ረሳሁት። ክኒኑ ይባረክ። ስወጣ ጥሩዬ ከሴቶቹ መካከል ፊቴን ታጠና ነበር። ደኅና ነኝ ስል ራሴን ነቀነቅኩላት።

ከዚያ ሞላን ለብቻው ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት። የጉልበቱን ውሸት፣ ሽንቱን፣ ካንሰሩን። መቋሚያውን ተደግፎ ሰማኝ።

"በጣቱ ነው ያልከኝ?" አለ በመጨረሻ።

"በጣቱ ነው። ጋቢ ያዝ" አልኩት።

ወገቡ ወገብ ብቻ ይሁንለት ብዬ እየጸለይኩ ነው። ማክሰኞ በሁለት በቅሎ ቡሬ እንወርዳለን።