ለፋሲካ የተቀመጠው ዳቦ

መጋቢት 25፣ ሐሙስ፣ ምሽት 12፡30

ዛሬም አልተቆረሰም። ዳቦው ጠረጴዛው መሐል፣ ቢላው ጎኑ። አባዬ ከጀሞ ተመልሶ ሚኒባሱን አቆመ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። ሻዩን ጠጣ። ዳቦውን ግን እንዳላየ ሆነ። ተነሳ። እማዬ ቢላውን ወደ ጓዳ መለሰችው። እኔ ከጫፉ ቆረስ አድርጌ ጎረስኩ። አልወረደልኝም።

እኛ ቤት ዳቦ አባዬ ሳይባርከው አይቆረስም። ድፎ ብቻ አይደለም፤ ከዳቦ ቤት የመጣች ትንሽ ዳቦም ብትሆን። ባርኮ፣ «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ብሎ፣ በቢላው ጫፍ መስቀል ያደርግባታል። ከዚያ ነው የሚበላው። ይህን ካቆመ ሃያ አንድ ቀኑ። እህቴ ዮዲት ከሞተች ጀምሮ።

ጻፍኩት። «ሞተች» ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

አንተ ደብተር ታውቃታለህ። ግማሽህ በእሷ እጅ የተጻፈ ነው። እኔ ከኋላ በኩል ጀመርኩህ። የፊት ገጽህን ለመግለጥ ገና አልደፈርኩም።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ገለጥኩት።

የመጀመሪያው ገጽ፣ የእሷ ጽሕፈት፦ «የዓለም ዳቦዎች። ዳኞች፦ አባዬ፣ እማዬ፣ ዮዲት፣ ጩጬው።» ጩጬው እኔ ነኝ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆኜም ጩጬው።

የበረራ አስተናጋጅ ነበረች። ከሄደችበት አገር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ታመጣ ነበር፤ ዳቦ። ሽቶ የለ፣ ቸኮሌት የለ። ጓደኞቿ ሲስቁባት፣ ሰው የየቀኑን ዳቦ እንዴት እንደሚበላ ካየሁ አገሩን አየሁ ማለት ነው ትላቸዋለች። ሕግ ነበረን። አራታችንም ካልተቀመጥን አይቆረስም። አባዬ እንደ ድፎ ይባርከዋል። ከዚያ ከአሥር ነጥብ።

ኢስታንቡል፦ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት። እዚያ ሰው ቁርሱን መንገድ ላይ እየሄደ ይበላዋል፣ በሻይ። እማዬ 8።
ፓሪስ፦ የክንድ ርዝመት። ሰዎቹ ብብታቸው ሥር ይዘውት ይሄዳሉ፤ ቤት ሳይደርሱ ጫፉን ይገምጡታል። ጫፉ ተገምጦ ነው የመጣልን። ዮዲት እኔ አይደለሁም ብላ ማለች።
ቻይና፦ በእንፋሎት የበሰለ፣ ቅርፊት የሌለው፣ ነጭ። እማዬ፣ «አልበሰለም፣ መልሺው» አለች።
ሞስኮ፦ ጥቁር፣ ከባድ፣ ኮምጣጣ። ሾርባ ያለ እሱ አይበላም አሉ። አባዬ አንስቶ መዘነውና፣ «ይሄ ዳቦ ነው ወይስ ጡብ?» አለ። 3።
ዴልሂ፦ ሊጡን የምድጃው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። አባዬ አላመነም። በስልኳ አሳየችው። ከዚያም አላመነም።

በሁሉም ረድፍ መጨረሻ፣ በአባዬ ስም ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ጥሩ ነው፤ ግን ጨው ይጎድለዋል።» ሁልጊዜ። ለሁሉም። አንዴ ከጣሊያን ያመጣችው ግን የእውነት ጨው የሌለው ሆነ። በአንድ አካባቢ ዳቦ ያለ ጨው ነው የሚጋገረው አለችው። አባዬ ተነስቶ ቆመ። «አላልኳችሁም!» ሳምንቱን ሙሉ ለተሳፋሪ ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

እየሳቅኩ ነበር ያነበብኩት። ከዚያ የመጨረሻው ረድፍ። «ሳኦ ፓውሎ።» ከጎኑ ባዶ።

ዘጋሁት።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ት/ቤት። የጂኦግራፊ መ/ር ስለ ብራዚል አስተማረ። ቡና፣ ወንዝ፣ ጫካ። አገር ሲነሳ ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ «ዳቦው፣ የእነሱስ እንዴት ነው?» ይል ነበር። ቅጽል ስሜ ነው፤ ዳቦው። ዛሬ ማንም አልዞረም። ሮቤል እንኳ ጠረጴዛውን ነው ያየው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ናትናኤል» እያሉ ይጠሩኛል። እንደ ስም ጥሪ።

ሳልጠየቅ እጄን አወጣሁ። ዳቧቸው ከካሳቫ ሥር ዱቄት ነው ልል ነበር፣ አይብ አለው፣ ትንሽ ድቡልቡል ነው፣ ጠዋት በቡና ይበሉታል። ተነሳሁ።  ሽንት ቤት ልሂድ አልኩ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ፣ ምሽት 1 ሰዓት

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ።

ዛሬ የአባዬ ታላቅ ወንድም ሊጠይቁን መጡ። እማዬ ዳቦና ሻይ አቀረበች። እሳቸውም ቁረስ እንጂ አሉት። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። አንተ ካልቆረስክ እኛስ ምን ልንሆን ነው አሉት ቆጣ ብለው። ያኔ ተናገረ። ቀስ ብሎ። የመጨረሻውን ዳቦ ያመጣች ቀን እኔ ነኝ የከለከልኳት አለ። ልጄ ከዚያ ማዶ ተሸክማ አምጥታ ሳትቀምሰው ሄደች። ከዚህ በኋላ የእኔ እጅ ዳቦ አይቆርስም።

የሆነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ፣ የካቲት 29፣ ከሳኦ ፓውሎ ገባች። ስድስት ትንንሽ ዳቦ በከረጢት። አራታችንም ተቀመጥን። አባዬ ቢላውን አነሳና እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ ወተት አለው? አይብ አለው አለች። ዕንቁላልም። ሁዳዴ ነው። አባዬ ቢላውን አስቀመጠ። «የፍስክ ነው፤ ለፋሲካ ይቀመጥ።» አልተቆጣም፤ እየሳቀ ነበር። እሷም ሳቀች። ራሷን ትንሽ ያማት ነበር። ከረጢቱን ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ከተተችው። በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ሐኪሙ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሷል አለን። ከሰዓት አለፈች።

ከረጢቱ አሁንም እዚያው ነው።

ግን አባዬ የማያውቀው አለ። እሑድ ጠዋት እሱና እማዬ አቦ ለቅዳሴ ሄደው ነበር። ዮዲት ጓዳ ጠራችኝ። አንዱን ዳቦ አውጥታ መጥበሻ ላይ አሙቃዋለች። ለሁለት ገመሰችው። አይቡ እንደ ክር ተሳበ። «አንተ ጩጬ፣ ለአባዬ ትንፍሽ ትልና!» አለችኝ። በላን። በጾም። ቅዳሴ ሳይወጣ። በጣም ሳቅን።

ቀምሳዋለች፣ ደብተር። ቀምሳዋለች!

ብነግረው ይህ ሸክም ይወርድለታል። ሌላ ይሸከማል። ልጁ ጾም ገድፋ፣ ሳትናዘዝ፣ በአራተኛው ቀን መሞቷን። አባዬ ለዚህ ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። የትኛው ይከብዳል?

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ከት/ቤት ስመለስም የለም። በረዶ ቤቱን ከፈትኩ። ከግድግዳው ውሃ ይንጠባጠባል። ከረጢቱን ነካሁት፤ ለስለስ ብሏል።

ቤት ውስጥ ማንም የለም። ከመንገዱ ማዶ የጋሽ ከድር ሱቅ መስመሩ ሌላ ስለሆነ መብራት አለው። ከረጢቱን ሸሚዜ ሥር አድርጌ ሮጥኩ።

ጋሽ ከድር ሚዛኑን እየወለወለ ነበር። «የእኛ ጾም አለቀ፤ የናንተው ቀረ። ምን ደብቀህ ነው?»
«ዳቦ ነው ጋሼ። በረዶ ቤት ያስቀምጡልኝ።»
«ዳቦ ለእኔ! እኔኮ ዳቦ ሻጭ ነኝ አንተ!»
«የዮዲት ነው።»

ማቀዝቀዣውን ከፈተ። በረዶ የሠሩ የላስቲክ ውሃዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ መሬት ላይ ደረደረ። መሐሉ ላይ ቦታ አበጀ። በንጹሕ ፌስታል ደግሞ ጠቀለለው። እስከ መቼ አላለኝም።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ስሕተቴ፦ ለእማዬ አልነገርኳትም። ጠዋት በጩኸቷ ነቃሁ። ባዶውን በረዶ ቤት ከፍታ ቆማለች። ማን ነው የጣለው ትላለች፣ ማን ነው የጣለብኝ። አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። ነገርኳቸው። አባዬ ነጠላ ጫማውን እንኳ በትክክል ሳያጠልቅ መንገዱን ተሻገረ። በመስኮት አየሁት። ጋሽ ከድር ከፈተለት። አልነካውም፤ አየው ብቻ። ተመለሰ።

«አለ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስድስት ነው። እንዳይጎድል።»

ስድስት። ያመጣች ቀን ቆጥሮታል።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

የንስሐ አባታችንን አቦ ደጅ አገኘኋቸው። ላወራቸው ፈለግሁ። በዚህ ሳምንት መስቀል አያሳልሙም፣ አይናዝዙም። ሰሙነ ሕማማት ነው። ከፋሲካ በኋላ ና ልጄ አሉኝ። ከፋሲካ በኋላ ይመሽብኛል አልኩ በልቤ። ሳይገባቸው ግን አልቀረም፤ ሲሄዱ ዞር ብለው አዩኝ።

ማንንም መጠየቅ አልቻልኩም ማለት ነው።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ከአባዬ ጎን ሰገድኩ። እስኪደክመኝ። እሱ አልደከመውም። ሲወድቅ ሲነሳ ግንባሩ አፈር ይዟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚለው ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ስሟን ግን ሰማሁ።

እኔ ብነግረው ይህን ሁሉ ስግደት ደግሞ ለእሷ ኃጢአት ሊሰግደው ነው ብዬ አሰብኩ። ባልነግረውስ? ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ሳይቆርስ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳም ሥዑር፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

 ቶሎ ልጻፈው።

እማዬ ዘንድሮ እኛ ቤት አይታረድም ብላለች። አርባዋም የፋሲካ ማግስት ነው። ግን ያ ዳቦ ይምጣ አለች። ለፋሲካ ይቀመጥ ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ቃል ነው።  ጋሽ ከድር ራሱ ይዞት መጣ፣ በሁለት እጁ፣ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ።

አባዬ ፌስታሉን ፈታ። ቆጠረ። እንደገና በጣቱ እየነካ ቆጠረ።

አምስት።

አባዬ በመስኮቱ ወደ ሱቁ አየ። ከድር ቤት ልጆች ይገባሉ ይወጣሉ አለ። ሰው የሰጡትን አደራ እንዲህ አያደርግም አለ። ተነሳ። እማዬ ተው አለችው፣ በበዓል፣ ለአንድ ዳቦ። አንድ ዳቦ አይደለም አላት። በሩ ጋ ደረሰ።

ውሃዎቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ ሲደረድር ታየኝ፣ ጋሽ ከድር።

«አባዬ፣ እኛ ነን የበላነው።» ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «እኔና ዮዲት። እሑድ ዕለት። እናንተ ቅዳሴ ሆናችሁ።»

የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ። በጾም? አለ። በጾም አልኩ። እማዬ አማተበች። ከዚያ እሷ ናት የጠየቀችኝ፤ ወደደችው? ምን አለች?

ይህን መናገር አልፈለግሁም ነበር። ግን ተናገርኩ። ዮዲት ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አኘከች። ከዚያ ደረቷን ነፍታ፣ በአባዬ ድምፅ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ጨው ይጎድለዋል» አለች። በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጥን።

አባዬ አልሳቀም። አላለቀሰም። ጋቢውን አነሳና ወጣ። በመስኮት ተከተልኩት። ሱቁን አልፎ ሄደ። ወደ አቦ።

ያንን የመጨረሻ ረድፍ ሞላሁት። ሳኦ ፓውሎ። ዮዲት 9፣ ከነሳቋ። ጩጬው 8። እማዬ ባዶ። አባዬ ባዶ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ሌሊቱን አቦ ነበርን። አባዬ ከወንዶቹ በኩል፣ ሩቅ። ቤት ድረስ ከፊት ከፊታችን እየሄደ ተመለሰ። ግንባሩ ላይ የታሰረው ቄጤማ እንዳለ ነው።

እኔ ክፍሌ ገብቼ አልጋው ላይ ተቀምጫለሁ። መውጣት ፈራሁ። እማዬ ጓዳ ናት። መጥበሻ ተጣደ። የአይብ ሽታ መጣ። ያ ሽታ ነው፤ የዚያ እሑድ።

ወንበር ተሳበ። አንድ። ደግሞ አንድ።

ድምፁን ሰማሁ፣ ደብተር። በግድግዳው በኩል። እየባረከ ነው። ቀስ ይላል፣ ይቋረጣል። «ለከርሞ» ላይ ቆመ። እማዬ ጨረሰችለት።

ቢላው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ።

ጸጥታ። እያኘከ መሆን አለበት።

ጠራኝ። ናትናኤል አላለኝም።

«አንተ ጩጬ! ና ቅረብ እንጂ። ስትመጣ ጨው ያዝ።»