የምትነሳው እናትየዋ ናት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? የእግርሽ እብጠት ቀለል አለልሽ ወይስ ጫማው አሁንም አልገባም ይልሻል? ሆድሽስ ምን ያህል ገፋ? ባለቤትሽ የአዳር ሥራው አልበረታበትም? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። አባዬ ጉልበቴን እያለ ቢያማርርም መዶሻውን ከእጁ የሚነጥቀው ስላልተገኘ አትስጊ።

የላክሽውን ደብዳቤ ለእማዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ያለ እናቴ መውለድ ፈራሁ ያልሽው ቦታ ላይ ስደርስ፣ እማዬ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ ቆየች። ከዚያ የለመደችውን አለች፤ ልጆቼን ለማን ጥዬ? ልጆቿ እንግዲህ እኛ ነን። ጢሜ ያለጊዜው መሸበት የጀመረው እኔ ብስክሌት ጠጋኙ፣ የሰፈሩን ጢም ሁሉ የሚላጨው ታናሻችን ባቡር፣ ሦስተኛው አባዬ። አባዬ ከልጅ መቆጠሩ ደስ ብሎት መሰለኝ ሻይ ጨምሪልኝ አላት። ወደ እሷ ሂጂ እያልን ስንለምናት ከረምን፣ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

አሁን የጥንቸሎቹን ነገር ልንገርሽ። ምን አገናኘው አትበይ፣ ይገናኛል። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው የሰጠኝ ግራጫ ጥንቸል በመጠገኛው ጓሮ ወለደች። ግልገሎቹ ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ፀጉር የሌላቸው፣ አውራ ጣት የሚያህሉ ነበሩ። እናትየዋ የገዛ ደረቷን ፀጉር ነጭታ አለበሰቻቸው። ጥንቸል ምን ይሠራልናል ስትል የነበረችው እማዬ ይህን ስታይ በርጩማዋን ይዛ ጓሮ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣችም ብል ይቀላል።

ሦስት ሳምንት ሲሆናቸው ድርቆሽ መነካካት ጀመሩ። ባቡር፣ መቼም ስሙን በከንቱ አላገኘውም፣ በሉ እኮ፣ ጡት እናስጥላቸው አለ። ዳቦ ጋጋሪው ሳቀበት። መነካካት መብላት አይደለም፣ ወተቱ አሁን ከቀረባቸው ሆዳቸው ተበላሽቶ ያልቃሉ፣ አምስት ስድስት ሳምንት ይሙላቸው አለን። ባቡር አላረፈም፤ ሴቶቹስ መቼ ይወልዳሉ ብሎ ጠየቀ። ሰውየው፣ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ወንዱን ከሴቱ ለዩ፣ እነዚህ እህት ወንድም አያውቁም፤ ለመውለድ ግን አምስት ስድስት ወር ሆኗት ሰውነቷ ይሙላ፣ ገና በማደግ ላይ ያለችውን ከወንድ ብታገናኙ እሷም ትጎዳለች፣ ግልገሎቿንም ትተዋለች አለ። እማዬ ባቡርን ገርመም አድርጋ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለችው። ባቡር ሁሉን ገፍትሮ የሚበላውን አንዱን ግልገል ሻምበል ብሎት ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ገልብጦ አየውና ሻምበል ሴት ናት አለ። ባቡርም ማዕረጓ አይነሳባትም አለ።

ጡት የሚጥሉበት ጊዜ ደርሶ ግልገሎቹን ላወጣ እጄን ስሰድ ዳቦ ጋጋሪው ያዘኝ። ልጆቹን አትንካ፣ የሚያውቁትን ቤትና ሽታ አትንሳቸው፣ የምትነሳው እናትየዋ ናት አለኝ። እማዬ ተቆጣች። እናት ከልጆቿ ተነጥቃ የት ልትሄድ ነው፣ እነዚህስ ሲያለቅሱ ሊያድሩ ነው አለች። እኛ ግን ወስደን አባዬ በሠራው አዲስ ሳጥን ውስጥ አስገባናት።

በማግስቱ እማዬ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ጓሮ ሮጠች፣ ተከተልኳት። ግልገሎቹ አፍንጫቸውን ድርቆሽ ውስጥ ቀብረው ይቆረጥማሉ። ሻምበል ውሃውን ደፍታ እርጥቡ ላይ ተኝታለች። ያለቀሰ የለም። እማዬ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። ከዚያ ወደ እናትየዋ ሳጥን ዞረች። ግራጫዋ በጎኗ ተጋድማ፣ የኋላ እግሮቿን ዘርግታ ተኝታ ነበር። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ተኝታ አይተናት አናውቅም። እማዬ ቆማ ብዙ አየቻትና ለካ ደክሟት ነበር አለች።

ከሁለት ቀን በኋላ ቁርስ ላይ አባዬን ሻንጣው የት ነው ብላ ጠየቀችው። እታለም፣ የአባዬ ማንኪያ ከእጁ ወደቀ። ደብዳቤው እንዲቀድማት ብዬ ትኬቷን ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቆርጫለሁ፤ አርብ ከሰዓት ትደርሳለች። ባለቤትሽ መናኸሪያ ይጠብቃት፣ ሻንጣውንም ሳትቀድመው ይያዘው፣ አለዚያ እኔ ካልተሸከምኩ ብላ ታስቸግረዋለች። አሁን ሩዝ ማብሰል እያስተማረችን ነው። ትናንት ባቡር አሳረረው። እማዬ ቀምሳ፣ የራበው ይበላዋል ብላ አለፈችው፤ ድሮ ቢሆን ማንኪያውን ቀምታው ነበር። ደስ ብሎኛል እታለም፣ ደስታዬን የማስቀምጥበት አጣሁ። ቤቱ ያለ እሷ ጭር እንደሚልብን አውቃለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ። አባዬ ሁለታችሁንም ስሟችኋል፤ ለሕፃኑ አልጋ እንጨት መላግ ጀምሯል። ባቡር የሕፃኑን የመጀመሪያ ፀጉር ማንም እንዳይነካብኝ ብሏል። ዳቦ ጋጋሪውም በሰላም ተገላገይ ብሎሻል። የእማዬን ሰላምታ ግን አልጽፍልሽም፤ ራሷ ይዛው ትመጣለች።

ወንድምሽ
ከብስክሌት መጠገኛው ጓሮ
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል