የግጥሙን ባለቤት ስም ለጠየቁን ክቡር ዲን

ይድረስ ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ቦሌ፣ አዲስ አበባ
የካቲት ፲፱፻፺፩ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሩዋንዳ ሠፈር የገቡበት አዲሱ ቤትዎም ሆነ የሌሊት እንቅልፍዎ እንደተመኙት ይሁንልዎ። እኛ በኮሌጅዎ የምናስተምር ሰዎች፣ ምስጋና ለእርስዎ ይግባና፣ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት በሩ መዘጋቱን የማየት መልካም ልማድ አፍርተናል። ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ መውጣቱን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በጸሐፊዎ በኩል ደጋግሜ የላክሁት መልስ ቢያጣ፣ ምናልባት ጋዜጣ ማንበብ ይቀልዎት እንደሆነ ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። የሙዚቃ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ክፍል «ተማሪው ዘፈን ሲሰማ ብቻ አይዋል፤ ጥናታዊ ጽሑፍ መጻፍም ይማር» ብለው ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት፤ ትእዛዙም የሚያስመሰግን ነበር። «ዜማው ያምራል» ብሎ ማለፍ እንደማይበቃ፣ ለምን እንዳማረ ማስረዳት እንደሚገባ፣ የሰው ቃል ሲወሰድም የሰውዬው ስም በግርጌ እንደሚጻፍ አስተማርሁ። ልጆቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በኋላ ግን ቴፕ እየተዋሱ በየሠርጉና በየልቅሶው ይገኙ ጀመር።

ከሁሉ የበለጠ የጻፈችው ሲቲ ሐሩን ነበረች። አባቷ ከወሎ መጥተው ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የሚኖሩ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው። ሲቲ የሠፈሯ ሴቶች በሠርግ የሚያወጡትን ዜማ አጠናች፤ በመጨረሻውም ምዕራፍ «ቤታችን ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬ ከተሰማ ወዲህ የተጨመረች አንዲት ግጥም አስገባች።

ምሰሶው ቢነቀል ግድግዳው ይቀራል፣
ግድግዳው ቢፈርስም ጎረቤት ያወራል።

ዜማውን ያወጡላት አትክልት ቸርቻሪዋ ወይዘሮ ደብሪቱ ፈቅደው ስማቸው ተጻፈ። ግጥሙን የገጠሙት ሽማግሌ ግን ስማቸው እንዳይነሳ ስለለመኗት፣ «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ አባት» ብላ አለፈችው። ምርጥ ጽሑፍ ላክልኝ ብለውኝ ስለነበር ይህንኑ ላክሁልዎ። እነሆ ቅሬታዎቼ፤

አንደኛ። ሲቲንና እኔን ቢሮዎ ሲያስጠሩን ሽልማት መስሎን ነበር። ሁለት እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ማን እንደሆኑ አልነገሩንም። እርስዎ በአባትነት ድምፅ «ልጄ፣ ጥናት እኮ ነው። የሽማግሌውን ስም ብትነግሪን ምን ያስፈራሻል?» አሏት። ልጅቷም «ስሜን እንዳታነሺ ብለውኛል፤ እኔም እሺ ብያቸዋለሁ» አለች። ያን ጊዜ አንደኛው እንግዳ ቀና ሳይል፣ «አባትሽ የሚሠሩት በየትኛው መስመር ነው?» ሲል ጠየቃት። እኔም «ይህ ከሙዚቃ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብል፣ እርስዎ ፈገግ ብለው መስኮቱን ዘጉት። ሰውዬው የጠየቀው ለትራንስፖርት ችግራችን ከማሰብ እንደሆነ የተረዳሁት በሳምንቱ የአቶ ሐሩን ሚኒባስ ታርጋ ሲፈታ ነው። ለምን ብለው ቢጠይቁ የሚነግራቸው አላገኙም።

ሁለተኛ። ወይዘሮ ደብሪቱን ስማቸውን ያልነገሩ ሰዎች መጥተው ከጉሊታቸው «ለአጭር ጥያቄ» ብለው ወሰዷቸው። ጥያቄው ረዥም ሆኖ ኖሮ ልጃቸው ራህማ ስንቅ ይዛ በየፖሊስ ጣቢያው በር ስትንከራተት ሰነበተች። እኔም አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ «እዚህ የሉም» ተብለን ተመልሰናል። በመጨረሻ ሴትዮዋ ተመልሰው መጡ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። በቀደም የጎረቤት ሠርግ ላይ «ኧረ አንዴ አውጪልን» ብለው ቢለምኗቸው፣ «ጉሮሮዬን አሞኛል» ብለው ከዳር ተቀምጠው አጨበጨቡ። ሴቶቹ ሁሉ ካሴት አስከፍተው ዋሉ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ስላሰፈኑልን ሠፈሩ ምስጋናውን በምን ቃል እንደሚገልጽ ገና አልወሰነም።

ሦስተኛው አጭር ነው። ከነወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ጀርባ «ለኮሌጅ ማስፋፊያ የተከለለ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ አየሁ። እንግዶችዎ ለግጥም የነበራቸው ፍቅር ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ።

አራተኛ። ሲቲ «ምንጭ በመደበቅ፣ በምሁራዊ ታማኝነት ጉድለት» ተባረረች ተብሎ ተለጠፈ። ውጤቷን ወደ ኤፍ ዝቅ አድርጌ እንድፈርም የላኩልኝን ወረቀት ባዶውን መልሻለሁ። የሰጠኋት ኤ ነው፤ ኤ ሆኖም ይኖራል። ክቡርነትዎ እንዳዘዙኝ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ፤ የሰውን ቃል ተቀብሎ ሰውዬውን አሳልፎ መስጠት ግን የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ ቢጠቁሙኝ ደስ ባለኝ። «ላጲሶ፣ አርፈህ አስተምር» ያሉኝን ወዳጆቼንም እዚሁ አመሰግናለሁ፤ ለእኔ አዝነው ነው።

ሲቲ አሁን ገርጂ ከአክስቷ ጋር ልብስ ትሸጣለች። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ «ጽሑፉን ተይው፣ በቃሽ» ብላት፣ ከደንበኛ ጋር የምትከራከርበትን ሸሚዝ እያጠፈች «ጋሼ፣ እኔ ብተወው ማን ሊጽፈው ነው?» አለችኝ። ጠረጴዛዋ ሥር አዲስ ምዕራፍ ጀምራለች፤ ዘፈን ያቆመ ሠፈር ምን እንደሚመስል ነው የምትጽፈው። ሳነበው ፈራሁ፤ ኮራሁም። የሚፈልጓቸውን ሽማግሌም እስከ ዛሬ ማንም አላገኛቸውም።

ለደከሙበት ሁሉ ዋጋዎን የሚከፍል አምላክ ሳይዘገይ እንዲከፍልዎ እየጸለይሁ፣ እስካሁን በመምህርነት ያለሁ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ላጲሶ ሄራሞ

ማስታወሻ፦ ከማክሰኞ ወዲህ ከቤቴ በር ፊት ለፊት አንዲት ነጭ ቶዮታ ቆማ ትውላለች፤ ውስጧ ሁለት ሰዎች አሉ። እርስዎ ልከዋቸው ከሆነ፣ ፀሐዩ ከብዷልና ከዛፉ ሥር ቢያቆሟት አልቀየምም። አልላክሁም የሚሉ ከሆነ ግን፣ ትናንት ማታ ሩዋንዳ በኩል ሳልፍ ያቺው መኪና የእርስዎም በር ላይ ቆማ ስላየኋት፣ እባክዎ ለራስዎ ይጠንቀቁ።