ትርሲት ስትጠይቀኝ ዝም ማለት

ጥቅምት 6። ጠዋት።

አላበደችም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን እናገራለሁ። ያበደ ሰው ፀጉሩን ያበጥራል? ያበደ ሰው ለአያቱ መርፌ ላይ ክር ያስገባል? ትርሲት የልጅ ልጄ ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ። ከግቢ አልወጣም አለች እንጂ ሌላ ምንም አልሆነችም። አንቺ ደብተር፣ ዝምታሽን አውቀዋለሁ። እንደ ቀበሌው ሴቶች በሆድሽ ታሚኛለሽ።

መስከረም ላይ ለት/ቤት የገዛሁሽ ለሷ ነበር። አልሄደችም። ባዶሽን ቀረሽ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ነውና ከነስሕተቴ ቻይኝ።

አባቷ ግርማ፣ ልጄ፣ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራ። ለጦር ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ደብዳቤው ከቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ሞታለች። ያለነው እኔና እሷ።

ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ናት። በር የተንኳኳ ይመስላታል። እምዬ ማነው? እምዬ፣ አባዬ መጥቶ ይሆን? ስተኛ መጥቶ ሄዶ ቢሆንስ? እመልሳለሁ። ማንም አልመጣም የኔ እናት፣ እኔ እያየሁ ነው። ትንሽ ታርፋለች። ሽንኩርቱን ከትፌ ሳልጨርስ ደግሞ ትጠይቃለች።

ጠበሉን በጀሪካን አመጣሁላት። ከሐኪም ቤት ክኒንም ላኩላት። እንቅልፍ ጨመረላት፣ ስትነቃ ያንኑ ጠየቀች።

ጎረቤቴ ፋጡማ ዛሬ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ጠራችኝ። ሐኪም ቤት አንዲት ነርስ ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ በወሬ ታድናለች አለች። በወሬ! እኔ ወሬ አጥቼ ነው?

ጥቅምት 9።

ሄድኩ። ትርሲት ቤት ናት። ደብዳቤው ከቆመ ወዲህ ከሁለታችን አንዳችን ሳንኖር ይሄ ቤት ውሎ አያውቅም።

ዘበኛው ወደ ካርድ ክፍል ላከኝ። ካርድ ክፍል ወደ መድኃኒት መስጫ። እዚያ ያለው ልጅ በመስኮቱ ጮኸ፦ የዕብዶቹን ነርስ ነው? ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አዎ የኔ ልጅ፣ ላንተም ወረፋ ልያዝልህ? አልኩት። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ኮሪደሩን እንደዞርኩ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ትንሽ አለቀስኩ።

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አገኘኋት። ሲ/ር ዘነበች። ልጅ እግር ናት፣ ጫማዬ በዕድሜ ይበልጣታል። ክፍሏ ሁለት ወንበርና ጠረጴዛ። መርፌ የለ፣ ሽሮፕ የለ። አናደደችኝ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሰልፈኛ የሳቀብኝ?

ግን ሰማችኝ። አሁን ማን ይሰማኛል ደብተሬ? ፋጡማ እንኳ ግማሹን ስትሰማ ምሳዋ ይታወሳታል። ይቺ ሰማችኝ። ልጅቷን አምጪያት አለች። ከቤት የማትወጣን ልጅ እንዴት ነው የማመጣት? አሰብ አደረገችና፣ እንግዲያው እኔ እመጣለሁ አለች።

ጥቅምት 13። ከሰዓት።

መጣች። በእግሯ፣ በዚህ ፀሐይ።

ትርሲትን ጠየቀቻት። ልትወጪ ስትይ ልብሽ ውስጥ ምን ይመጣል? አባዬ መጥቶ ያንኳኳል አለች። የሚከፍትለት ያጣል፣ ሞተዋል ብሎ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ አይመጣም። እኔ እንጃ፣ አይዞሽ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ሲ/ር በእጇ አቆመችኝ።

ሐሰት ነው አላለቻትም። ጠየቀቻት እንጂ። በሩ ተቆልፎ ቢያገኘው አባትሽ ምን ያደርጋል? ትርሲት ወደ አጥሩ ዞረች። ፋጡማን በአጥሩ ይጠራል አለች። ፋጡማስ ባትኖር? በር ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያወልቃል አለች። ሳቀች! ከስንት ጊዜ በኋላ። እውነቷን ነው፣ ግርማ እግሩ ይግላል።

ትእዛዝ ሰጠቻት። መጀመሪያ እስከ ግቢው በር። ያንን ስትለምጂ ፋጡማ ቤት። ከዚያ የደቻቱ ወንዝ ድልድይ፣ ከዚያ ት/ቤት። ፍርሃቱ ሲመጣ አትሸሺ፣ እዚያው ቆመሽ እስኪቀንስ ጠብቂው ብላ።

ወደኔ ዞረች። እማማ፣ ስትጠይቅዎ ምን ያደርጋሉ? ደረቴን ነፍቼ፣ እመልስላታለኋ! አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ አይመልሱላት አለች። መልስዎ ለትንሽ ጊዜ ያበርድላታል፣ ከዚያ ሌላ መልስ ያሰኛታል፣ ሳያውቁት ፍርሃቱን እየመገቡት ነው። አላውቅም ይበሏት፣ ወይም ዝም። ምላስዎ ሲበላዎ ይጻፉት።

ፋጡማ በአጥሩ ትሰማ ነበር። ወላሂ በለጡ፣ አንቺ ዝም ካልሽማ ደቻቱ ወደ ላይ ይፈሳል! አለች። ሳቋን መጨረስ አቃታት።

ጥቅምት 15። 4 ሰ.።

ጠየቀችኝ። ዝም። ደግማ። አላውቅም አልኳት። እምዬ ተቀየምሽኝ? አለችና አለቀሰች። ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን ነከስኩ። ልጄን ዓይኔ እያየ ማስለቀስ ነው መድኃኒቱ? ይቺ ነርስ እናት የላትም?

በ9 ሰ.። ተሸነፍኩ። አልመጣም የኔ ዓለም አልኳት። ዓይኗ በራ፣ ወዲያው ደግማ ጠየቀች። አየሁት። በገዛ ዓይኔ አየሁት ደብተሬ። ያቺ ነርስ እውነቷን ነው።

ጥቅምት 21።

ፋጡማ ቤት ሄደች። ብቻዋን! ሳምቡሳ በልታ መጣች። ዛሬ የጠየቀችኝ ሦስቴ ነው። ሦስቱንም ዝም። ምላሴ አብጧል።

ጥቅምት 26።

ከሲ/ር ጋር ደቻቱ ድልድይ ድረስ። መሐሉ ላይ ስትደርስ ላብ አጠመቃት አሉ፣ ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ ተሻገረች። እኔ ቤት ነበርኩ። ሰው መኖር አለበት።

ጥቅምት 28። ማታ።

ዛሬ ፊደሌ ተጣሟል፣ ቻይው።

ሲ/ር ዛሬ እንዲህ አለች፦ ከነገ ወዲያ ሁለታችሁም አብራችሁ ውጡ፣ ቤቱን ቆልፉት። ትርሲት እሺ አለች። እኔ፣ አይሆንም! ብዬ ጮኽኩ። ሁለቱም አዩኝ። ሲ/ር ቀስ ብላ፣ እማማ፣ አሁን ልብዎ ውስጥ ምን መጣ? አለችኝ። አፌ ቀደመኝ። ግርማ ቢመጣስ፣ ቢያንኳኳስ፣ የሚከፍትለት ቢያጣስ? የልጅቷን ቃል፣ አንድ ሳይጎድል።

የማን ቃል ነው? ደብዳቤው የቀረ ጊዜ እኔ ነኝ ያልኳት። ልጄ፣ ቤቱን ባዶ እንዳናደርግ፣ አባትሽ ድንገት ቢመጣስ ያልኳት እኔ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እሷ ሰማች፣ ቁጭ አለች፣ ሁለት ዓመት። እኔ ቤተ ስኪያን እሄዳለሁ፣ ገበያ እሄዳለሁ፣ እሷን በር አስጠብቄ። ዕብደት ነው ወይ እያልኩ ጠበል ስቀዳ የኖርኩት የራሴን ቃል ላጥብ ነው።

በሩን መቆለፍ እኮ ለኔ ልጄን መቅበር ነው። አልኳት ለሲ/ር። ግርማ የጅቡቲ መስመር ሲሠራ በሩን ቆልፋችሁ አትወጡም ነበር? አለች። እንወጣለን። ያኔ ሞተ? አልሞተም።

ትርሲት መጥታ ጉያዬ ገባች። የኔ ጥፋት ነው አልኳት። እምዬ አንቺም ፈርተሽ ነው አለች። እንዲህ ያለ ልጅ።

ጥቅምት 30። 3 ሰ.።

ቀፊራ ገበያ ልንሄድ ነው። የት/ቤት ጫማ ልንገዛ። አብረን።

ጠዋት ተነሥቼ ወረቀት ጻፍኩ፦ ግርማ ልጄ ቀፊራ ነን አሁን እንመጣለን። በሩ ላይ ልሰካው። ትርሲት ከመቀነቴ አገኘችው። አነበበችው። አልተቆጣችም፣ አጣጥፋ መልሳ ሰጠችኝ። አንቺ ታውቂያለሽ እምዬ አለች።

ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሲነድ ቆሜ አየሁ። ስሙ ነው መጨረሻ የነደደው።

ዛሬ ይመጣ ይሆን? አልኳት፣ አላስቻለኝም። ጫማዋን እያሰረች፣ አላውቅም አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አልጨመረችም።

ግቢው በር ላይ ቆማለች። ትጠራኛለች። ፀሐዩ ሳይበረታ እምዬ! መጣሁ እላለሁ፣ እጽፋለሁ። ቁልፉ ይኸው እጄ ላይ። ሁለት ዓመት ስላልተሽከረከረ ዝጓል፣ ዘይት ቀብቼዋለሁ። እቆልፈዋለሁ። ልጄ ሆይ፣ እቆልፈዋለሁ፣ አንተ ግን

መጣሁ አልኩሽ እኮ!